የወፍ ጠመንጃ ሽያጭ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ከአባትዎ ወይም ከአጎትዎ የቀረ ጠመንጃ ቤትዎ ውስጥ ተሰቅሎ እንደ ሆነ የዛሬው ጨዋታ ለእርስዎ ነው። ጠመንጃ የሌለዎትም ቢሆን ገጹን ለመግለጥ አይቸኩሉ። በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው አንድ ቀን የሚወደውን ዕቃ ይዞ ገዢ መፈለጉ አይቀርም፤ ዕቃው ሰዓትም ቢሆን ራዲዮም ቢሆን የሚያመው ያው ነው። ጠመንጃ ሲሆን ግን አንድ ነገር ይጨምራል፤ የምነግርዎ ስለዚያው ነው።

በ2017 ዓ.ም. በበጋው ወራት አጎቴ ከማንኩሽ ደውለው፤ «ጠመንጃዋን ልሸጣት አስቤአለሁና ፈቃድ ጠይቀህ ና» አሉኝ። አጎቴ ሰማንያን የተሻገሩ ሰው ናቸው፤ በስልክ ብዙ አይናገሩም። እኔም ሌላ ነገር ሳልጠይቅ የዓመት ፈቃዴን ሞልቼ ተነሣሁ።

ማንኩሽ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፤ በመተከል ዞን፤ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የዓባይ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው። በቻግኒ በኩል የመጣ ሰው ግልገል በለስንና ማንቡክን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ ደጋው በኋላው ይቀራል፤ ኮቱን ያወልቃል፤ ቀጥሎም ሸሚዙ ከጀርባው ይጣበቃል። ሽመሉ፤ የእጣን ዛፉ፤ የማሽላው እርሻ ይቀበለዋል። በማሽላው ዳርም ጅግራ።

ስለ ጠመንጃዋ ልንገርዎ። ባለ ሁለት አፈሙዝ ናት፤ ሁለቱ አፈሙዞች እንደ ጥማድ በሬ ጎን ለጎን ሆነዋል። ከወገቧ ተሰብራ ትከፈታለች፤ ሁለት ጥይት ትጎርሳለች፤ ሁለት ምላጭ አላት። የፊተኛው ምላጭ የቀኙን አፈሙዝ፤ የኋለኛው የግራውን ያስተኩሳል። የቀኙ አፈሙዝ እርሳሱን ሰፋ አድርጎ ስለሚበትን ለቅርብ ወፍ ነው። የግራው ከአፉ ላይ ጠበብ ስለሚል እርሳሱን ሰብሰብ አድርጎ ራቅ ወዳለው ይልካል። ወፏ ስትነሣ ቅርብ ናት፤ የመጀመሪያው ስቶ ሁለተኛው ሲተኮስ ግን ርቃለች፤ ሠሪው ይህን አስቦ ነው የሠራት። ከ40 ሜትር ወዲያ ካለች ግን ጅግራዋን በሰላም መሸኘት ይሻላል።

ቁጥሯ 12 ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚሊ ሜትር ልክ ይመስለዋል፤ አይደለም። በአፈሙዙ ስፋት ልክ የተድበለበሉ 12 የእርሳስ ኳሶች በአንድነት አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ፤ ማለት 450 ግራም ያህል ሲመዝኑ አፈሙዙ ቁጥር 12 ይባላል። ስለዚህ ቁጥር 20 ከቁጥር 12 ይጠባል። የደመወዝ እርከን ከፍ ባለ ቁጥር ኪሱ እንደሚሰፋ ለሚያስብ የመንግሥት ሠራተኛ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ከአፈሙዞቹ ሥር፤ በእንቁላል ቅርጽ መካከል፤ «ኢ ኤል ጂ» የሚሉ የላቲን ፊደሎች ተቀርጸዋል፤ ከበላያቸው ዘውድ አለ። ይህ በቤልጅግ አገር የሊዬዥ ከተማ የጠመንጃ መፈተኛ ቤት ማኅተም ነው። ዘውዱ የተጨመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1893 ስለ ሆነ ጠመንጃዋ ከዚያ ወዲህ መፈተኗን ያስረዳል። አጎቴ ይህን የተማሩት ከሸጠላቸው ፈረንጅ ነው።

ፈረንጁ ማን ነበር? የአሜሪካ መንግሥት የውሃና የመሬት ልማት መሥሪያ ቤት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የዓባይን ሸለቆ አጥንቶ ውጤቱን በፈረንጆች 1964 እንዳወጣ አንብበው ይሆናል። በሱዳን ድንበር አጠገብ ግድብ ሊሠራ እንደሚቻል ያመለከተው ያ ጥናት ነው። አጎቴ ያን ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ፤ ለቀያሾቹ የመለኪያ ሰንሰለት ይጎትቱ ነበር። ከቀያሾቹ አንዱ ወደ አገሩ ሲመለስ ጠመንጃዋን በሦስት ወር ደመወዛቸው ሸጠላቸው። በሦስት ወር ደመወዝ በሬ ይገዛ ነበርና ቤተ ዘመዱ ሁሉ አዘነ፤ ይልቁንም ጠመንጃዋ የወፍ መሆኗ ሲታወቅ መሳቂያ ሆኑ።

ሰዎቹ መሳቃቸው አያስደንቅም። አገራችን ለጠመንጃ ስም በማውጣት ሀብታም ናት። «ፉዚል ግራ» የተባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ ውጅግራ አልነው፤ «ለቤል» ለበን ሆነ፤ «ማንሊከር» ምንሽር፤ ከቤልጅግ የመጣውም በልጅግ። በእነዚህ ሁሉ ተፎክሮባቸዋል። ለወፍ ጠመንጃ ግን ማን ፎከረ? «ጅግራ ገዳይ!» ብሎ ደረቱን የነፋ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። በዚያ አገር ደግሞ ጠመንጃ ምን ጊዜም የሚታወቀው በሌላ ሥራው ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ድንበር የተሻገሩት ከጉባ በስተሰሜን በኦሜድላ ነው፤ በዚያ ዘመን በረሓውን እያቋረጠ በግመል ይጫን የነበረው ጠመንጃ ለጅግራ አልነበረም።

ሆኖም በጉባ ምድር የወፍ ጠመንጃ ያነገተ አጎቴ የመጀመሪያው አይደሉም። ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ከ1925 እስከ 1934 በፈረንጆች አቆጣጠር ዳንግላ ተቀምጦ የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ነበረ። ዓባይን ተከትሎ ሲዞር ጉባንም አይቷል፤ የጣናንና የዓባይን መጽሐፉን በ1936 አሳትሟል። ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚህ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን የወፍ ሊቅ መሆኑ ነው፤ የሰበሰባቸውን የአገራችንን ወፎች ስክሌተር ከሚባል ባልደረባው ጋር «አይቢስ» በተባለው የወፍ ጥናት መጽሔት ዘርዝሯቸዋል። በዚያ ዘመን ወፍ መሰብሰብ ማለት መተኮስ ማለት ነበር።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ለገና ዕረፍት ማንኩሽ ስሄድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዘውኝ ይወጣሉ። የሚይዙት ሁለት ጥይት ብቻ ነው፤ ሦስተኛ አይጨምሩም። ጅግራ ከመብረር መሮጥ ትወዳለች፤ ከማሽላው ዳር ተነሥታ እግሯ እስኪያቅታት ትሮጥና የግድ ሲሆንባት ትበራለች። አጎቴ የሚተኩሱት ስትበር ብቻ ነው። ሲመሽ ዛፍ ላይ ወጥታ የተኛችን ጅግራ መተኮስ በእርሳቸው ዘንድ ከሌብነት አይለይም። በአብዛኛው ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። አንዳንድ ቀን ግን ነጭ ጠቃጠቆ ያለባትን ወፍ እግሯን ይዤ ወደ ቤት ስሮጥ፤ አክስቴ ድስት ጥዳ ትቆየናለች። እቤት እንደ ደረሱ አጎቴ ከመታጠባቸው በፊት ጠመንጃዋን ይወለውላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ውሃ የሚጠይቁት።

ይህ ሁሉ የቆየ ነገር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ አጎቴም ከዚያ በፊት ጀምረው ዓይናቸው ስለ ደከመ ተኩሱን ትተውት ነበር። ጠመንጃዋ ግን ከምስማሯ ሳትወርድ፤ የፈቃድ ወረቀቷ በየመንግሥቱ እየታደሰ፤ በየሳምንቱ ዘይት እየተቀባች ኖረች። አሁን ሊሸጧት የፈለጉት ዓይናቸው በሞራ ስለ ተሸፈነ ነው። ሐኪም፤ በቀዶ ሕክምና ሞራው ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል ብሏቸዋል። ባሕር ዳር መሄጃው፤ ማደሪያው፤ መታከሚያው ሁሉ ገንዘብ ነው።

እንደ ደረስኩ መጀመሪያ ያስተማሩኝ አሮጌ ጠመንጃ እንዴት እንደሚመረመር ነው። ባዶ መሆኗን ሁለት ጊዜ አዩ፤ ማየት አይባልም፤ ሁለቱንም ጉርሻ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ አፈሙዞቹን ከሰደፉ ለዩና በአንድ ጣት አንጠልጥለው በጥፍራቸው መታ አደረጓቸው። እንደ ቃጭል ጮኹ፤ ድምፁም ቆየ። «ሁለቱን አፈሙዞች የያያዛቸው ብየዳ ደህና ሲሆን እንዲህ ትዘምራለች፤ ሲላቀቅ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነው የምትጮኸው» አሉኝ። «ይህን ሳያደርግ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ጠመንጃ አያውቅም።»

ገዢዎች መጡ። እንዴት እንደ ሰሙ አላውቅም፤ በትንሽ ከተማ ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ነጋዴ ነው፤ መጋዘን ማስጠበቂያ ፈልጎ ነበር። ከራሱ ኪስ ጥይት አውጥቶ ሊያጎርሳት ሲል አጎቴ እጁን ያዙት። የጠመንጃዋ ጉርሻ የድሮው 65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያመጣው ጥይት ደግሞ ያሁኑ 70 ሚሊ ሜትር ነበረ። ክፋቱ ጥይቱ መግባቱ ነው፤ ይገባል፤ ሲተኮስ ግን የቀልሃው አፍ የሚዘረጋበት ቦታ ስለሚያጣ ግፊቱ ይበረታል፤ በአሮጌ ብረት ላይ ደግሞ አደጋ ነው። ነጋዴው ይህን ሲሰማ «ታዲያ የማትተኩስ ጠመንጃ ምን ትሠራለች?» ብሎ ሄደ። ሁለተኛው በስልክ ነው፤ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ሊያሰቅላት የፈለገ ሰው። አጎቴ አልተቆጡም፤ ስልኩን ብቻ ለእኔ ሰጡኝ።

ሦስተኛው በማታ መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማውን አውልቆ ገባ። አፈሙዞቹን አላንጠለጠለም፤ ማኅተሟንም አላየም። በስንዝር ለካትና እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «እዚህ ላይ ብትቆረጥ ትሠራለች?»

አንባቢ ሆይ፤ የተቆረጠ አፈሙዝ ለጅግራ አይሆንም። የሚሆነው ጋቢ ሥር ለመደበቅ ነው። ሰውየው የጠራው ገንዘብ ከጠበቅነው እጥፍ ነበር። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ ለሌላው ማስታወቂያ ይሆናልና።

ሰውየው «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሲወጣ እኔ ያልኩትን ልናገር። ብዙ ጊዜ በዚህ ገጽ ላይ ለሌላው ምክር የምሰጥ ሰው ስለ ሆንኩ ይህን መደበቅ አይገባኝም። «ጋሼ፤ ዓይንዎ ይድናል፤ ገንዘቡን እንቀበል። ወስዶ ምን እንደሚያደርጋት እኛን ምን ቸገረን?» አልኳቸው።

አጎቴ ጥቂት ዝም ብለው፤ «ቆቅ ወዲህ፤ ምዝግዝግ ወዲያ!» አሉ። «እኔ ስንት ሰጠ ብዬ ጠየቅሁህ? ማን ላይ ሊተኩስ ነው ብዬ ነው እንጂ የተቀመጥኩት።»

መልስ አልነበረኝም። ያለነው መተከል ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በዚያ ዞን ምን እንደ ደረሰ ሁላችንም ሰምተናል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ብቻ ከመቶ በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። አጎቴ ከሟቾቹ ወገንም ከሸሹት ወገንም የሚያውቁት ሰው አለ። ለእርሳቸው «ማን ላይ» የሚለው ጥያቄ ወሬ አይደለም፤ የጎረቤት ስም ነው።

በማግስቱ ሰውየው ሳይመለስ በጠዋት ወጣን። ጠመንጃዋን አልያዝንም። ይህን ልብ ይበሉ፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ ከገጠመዎ መጀመሪያ የሚሄደው ወረቀቱ ነው፤ መሣሪያው የሚንቀሳቀሰው ፖሊስ እንዴት እንደሚመጣ ከነገረ በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝም መነገድም ወንጀል ነው። ከአባት የቀረ ነው፤ አሮጌ ነው፤ የወፍ ነው ማለት አያድንም። ፎቶግራፍ አንሥቶ በስልክ «የሚሸጥ» ብሎ መበተንማ ቤትዎ ምን እንዳለ ለሌባ መንገር ነው። የአባትዎ ፈቃድ ለእርስዎ ፈቃድ ነው ብለውም አይገምቱ፤ ሄደው ይጠይቁ።

ፖሊሱ ወረቀቱን አይቶ የጠየቀን ስለ ገዢው ብቻ ነው፤ ፈቃድ አለው ወይ? የነጋዴውን፤ የባለ ሆቴሉን፤ የዚያን ሰውዬ ነገር በልቤ አሰብኩ። አጎቴ አብረዋቸው ያድኑ የነበሩ፤ ፈቃድ የነበራቸውን ሁለት ሰዎች ስም ጠሩ። አንደኛው ሞተዋል፤ ሌላው ልጆቻቸው ዘንድ ሸገር ገብተዋል። አንድ ሳምንት ሙሉ ደወልን፤ ሕጋዊ ገዢ አጣን። በሳምንቱ መጨረሻ አጎቴ፤ «እንግዲያው ለመንግሥት ትግባ» አሉ። እኔ ትንሽ እንቆይ አልኩ። «ዓይኔ እየጠፋ፤ እርሷ ቤት ውስጥ እያለች፤ ያ ሰው መንገዱን እያወቀ?» አሉኝ።

ጠመንጃዋ ተፈታ፤ በጆንያ ተጠቅልላ፤ በተነገረን ሰዓት ገባች። የተረከቡን ጡረታ የቀረባቸው አንድ ሳጅን ናቸው። ጆንያውን ፈተው ዝም ብለው ተመለከቷት። ከዚያም ማንም ሳይነግራቸው አፈሙዞቹን አንሥተው በአንድ ጣት አንጠለጠሉና በጥፍራቸው መቱ። ያ ድምፅ ቢሮውን ሞላው። አጎቴ የተቀመጡበትን ወንበር ትተው ብድግ አሉ፤ ድምፁ እስኪያልቅ ቆመው ቆዩ። ሳጅኑም ጠበቋቸው። ቀጥሎ ደረሰኝ ተጻፈ፤ ማኅተም ተመታ።

ወደ ቤት መንገድ ስንጋመስ አጎቴ የኮታቸውን ኪስ ዳበሱና ቆሙ። ሁለት ጥይት። ከስንት ዓመት ጀምሮ እዚያ እንደ ነበሩ እንጃ፤ ቀልሃው ወረቀት ነው፤ ጠርዙ ተልጧል። በዚያ ፀሐይ ተመለስን። ሳጅኑ ሳይስቁ ተቀብለው በደረሰኙ ግርጌ «ጥይት — 2» ብለው ጨመሩበት።

የሕክምናውን ገንዘብ ከመሥሪያ ቤቴ የቁጠባና የብድር ማኅበር ተበደርኩ፤ እስከ መጪው ሰኔ ከደመወዜ ይቆረጣል። እውነቱን ልንገርዎና፤ በየወሩ መጨረሻ የተቆረጠውን ሳይ የዚያ ማታ እንግዳ ገንዘብ ትዝ ይለኛል፤ ይቆጨኛልም። አጎቴ ግን ይህን የሚያውቁ አይመስለኝም። የቀኝ ዓይናቸው ተገልጧል፤ ግራው ተራውን ይጠብቃል። እሑድ እሑድ ማምሻውን ይደውሉና ሰላምታ ሳያበዙ፤ «ዛሬ ከማሽላው ዳር 14 ናቸው፤ ሁለቱ ጫጩት ናቸው» ይሉኛል።